ሟቹ አለሁ ብለዋል

— ሄሎ?... አቤት፣ ኢንጂነሩ። ዛሬ ደግሞ ምን ፈጠርክ?... ቆይ፣ ቆይ። ቀስ ብለህ፣ ከመጀመሪያው። ለምንድን ነው የምታንሾካሹከው?... ጓሮ ነህ? ፎቶ ኮፒ ቤቱን ለማን ትተህ ነው ጓሮ የወጣኸው?... እትዬ? የአስተማሪያችን የጋሼ ጂኦሜትሪ ባለቤት? ውስጥ ተቀምጠው?

— እሺ። እና ምን ሆኑ?... ዛሬ ጠዋት ጡረታ ቢሮ ሄዱ። የጋሼን የሞት የምስክር ወረቀት ይዘው፣ የባላቸው ጡረታ ወደ እሳቸው እንዲዞር። ትክክል ነው፣ ሚስት እንደዚያ ነው የምታደርገው።... መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ምን አላቸው?

— ድገመው።

— ተወው፣ እኔ ልድገመው፤ ከተሳሳትኩ አርመኝ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን አየና «እማማ፣ ባለቤትዎ አልሞቱም። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ በዌብሳይቱ ገብተው አለሁ ብለዋል» አላቸው። ጋሼ ጂኦሜትሪ። ከሃያ ቀን በፊት የቀበርናቸው።... እሺ፣ የቀበርካቸው። እኔ አልመጣሁም። እሱን አሁን አታንሳብኝ።

— አንቺ፣ እባክሽ በሩን ዝጊልኝ። ስብሰባውን ጀምሩ፣ መጣሁ በያቸው።... ወንድሜ ነው። አይ፣ አልታመመም፤ ቢታመም ይሻለው ነበር።

— አንተን አይደለም፣ የሥራ ባልደረባዬን ነው። ትሰማኛለህ? አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። መልሱን አውቀዋለሁ፣ ግን ካፍህ ልስማው። ጋሼ «አለሁ» የምትለዋን የተጫኗት ከመቃብር ሆነው ነው ወይስ ያንተ ፕሮግራም ነው የተጫነላቸው?

— ሄሎ?... አይ፣ መስመሩ ጥሩ ነው። አልሰማሁም አትበለኝ።... እሺ፣ ያንተ ፕሮግራም ነው።

— አታስረዳኝ፣ እህትህ አሠራሩን ከአንተ በፊት ታውቀዋለች። ጡረተኛ ሁሉ ወር በገባ በአምስት ቀን ውስጥ በገዛ ስሙና በገዛ ፓስወርዱ ገብቶ «አለሁ» ብሎ ይጫናል። ካልተጫነ ጡረታው ይቆምና በአካል ሄዶ መሰለፍ ነው። አንተ ደግሞ ሰፈሩን አዘንክለት። ሽማግሌ ባየህ ቁጥር «ፓስወርድዎን ይስጡኝ፣ ከእንግዲህ አይድከሙ» አልክ። ስንት ደረሱልህ አሁን?... አርባ አንድ። ባለፈው ሠላሳ ምናምን ነበር ያልከኝ። እየሰፋህ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ።

— አዎ፣ አስታውሳለሁ፣ ራስህ ነህ እየሳቅክ የነገርከኝ። ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ የልጅ ልጃቸውን ስም ነው የሚጠቀሙት። ጡረታ የወጣው ሾፌር ለባንኩም ለጡረታውም አንድ ፓስወርድ ነው ያለው። ይህን ሁሉ የት ነው የጻፍከው?... ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። እና?... እና ደብተር ላይ። የትምህርት ቤት ደብተር? ባለ ስንት ገጽ?... አይ፣ ምንም አያደርግልኝም፤ እንዲሁ ባለ ሃምሳ ገጽ ከሆነ ቦታ እንዳያጥርህ ብዬ ነው።

— ቆልፈህበታል?... መሳቢያ ውስጥ። ቁልፉስ?... አንገትህ ላይ። አልሸሹም ዞር አሉ አሉ። የአርባ አንድ ሰው ቤት ቁልፍ በአንድ ሰው አንገት ላይ ተንጠልጥሎ እሱ ጥበቃ ነው ይለኛል። አንተ ብትዘረፍስ? ገላህን ስትታጠብ አውልቀህ ብትረሳውስ? ሚስትህ ብትቆጣህና ይዛው ብትሄድስ?... አላገባሁም ነው መልሱ? ጥሩ፣ አሁን ለምን እንዳላገባህ ገባኝ።

— ለበጎ ነው ያደረግኩት አትበለኝ። አውቃለሁ ለበጎ ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ መች እንዲህ ትጨማለቅ ነበር? ክፉ ሰው እኮ ያስባል።

— እሺ፣ አሁን ስማኝ። ቢሮው ምን እንደሚታየው ልንገርህ። የጋሼ ስም፣ ልክ ነው። ፓስወርዳቸው፣ ልክ ነው፣ በመጀመሪያው ሙከራ። የተገባውም ከዚያው ከሰፈራቸው ነው። በር የሰበረ የለም፣ በመስኮት የገባ የለም። ባለቤቱ በቁልፉ ከፍቶ ገባ። ፓስወርድ የያዘ ሰው ለኮምፒውተሩ ያው ሰውዬው ነው፤ «ስለ እገሌ ነው የመጣሁት» የሚባል ነገር የለም። አንተ በዚያች ደቂቃ ጋሼን ሆነህ ነበር። ጋሼ ደግሞ ሞተዋል። ስለዚህ ቢሮው አሁን የሞተን ሰው ፓስወርድ የያዘ አንድ አጭበርባሪ ነው የሚፈልገው። በእነሱ ዓይን ያ ሰው ማን ይመስልሃል? ከጋሼ ጋር አንድ ቤት የሚኖረው ማን ነው?

— አዎ። እትዬ።

— ምን?... እስከ ስንት ሰዓት?... እስከ ዘጠኝ ሰዓት የተጫነውን ሰው ካላመጡ ጉዳዩ ለፖሊስ ይጻፋል። «በሞቱት ባልዎ ስምም በራስዎም ሁለቴ ጡረታ ሊበሉ» አላቸው? ሰው ፊት? ለእኚያ ሴት?... አሁን ስንት ሰዓት ነው? ስድስት ተኩል። 

— እና እሳቸው ማንን ጠረጠሩ?... ማንንም። ታዲያ ለምን አንተ ጋ መጡ?... «አንተ ልጅ ኮምፒውተር ታውቃለህ፣ ማን እንደሆነ እይልኝ» ብለው። አንተ ደግሞ ምን አልካቸው?... «ልየው» ብለህ ጓሮ ወጣህ።

— ውሃ ሰጥተሃቸዋል ቢያንስ?... ጥሩ።

— አይ፣ አላሳቅከኝም፤ ድካም ነው። ጋሼን በትከሻህ ተሸክመሃቸው ሄደህ፣ አፈር አልብሰሃቸው፣ ከቀብር መልስ ሱቅህን ከፍተህ ተቀመጥክ። ፕሮግራሙ ከጀርባህ ወር እስኪገባ ይጠብቃል። አንድ ቀን እንኳ ትዝ አላለህም?... አለቀስኩ እንጂ አላሰብኩም። እሱንስ አምንሃለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት ሰዎች ፕሮግራም አላዩም እንጂ ሦስተኛ አድርገው ይቆጥሩት ነበር።

— የምን ዝርዝር?... የሟቾች ዝርዝር። ፕሮግራሙ ከመጫኑ በፊት ዝርዝሩን ይመለከታል፣ ስሙ ካለ ይተወዋል። ዋው። ዝርዝሩን ማን ይሞላዋል? አንተ በየለቅሶው እየዞርክ? አርባ አንዱን በር እያንኳኳህ «እንዴት አደሩ፣ ሞተዋል ወይስ አሉ?» ልትል? እሱን ከምታደርግ «አለሁ»ን ራሳቸው እንዲጫኑ አጠገባቸው ብትቆም አይቀልም?

— አዎ፣ አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣህ። ምን ልታደርግ ነው የደወልክልኝ? ምክር ፈልገህ አይደለም፣ ምክር ስትፈልግ ድምፅህ እንዲህ አይቀጥንም።... እንዴት እንደሚሰረዝ። ምኑ?... ፕሮግራሙ የመዘገበው፣ ማን ስንት ሰዓት እንደገባ የሚለው።... እና እትዬን «ሲስተሙ ተሳስቶ ነው» ልትላቸው። እና እሳቸው ይህን ይዘው መስኮቱ ላይ እንዲቆሙ።

— ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያንተን ብትሰርዝ የእነሱ የት ይሄዳል? እዚያ ተጽፏል፣ ከእነ ሰዓቱ። አንተ የምትሰርዘው እትዬ ነፃ የሚወጡባትን አንዷን ወረቀት ነው። ይገባሃል የምልህ? ያ መዝገብ ነው «እኔ ነኝ፣ እሳቸው አይደሉም» የሚልልህ።

— ፈርተሃል፣ አውቃለሁ። ፍራ። መፍራት ነውር አይደለም። እትዬም ፈርተዋል፣ እሳቸው ግን ስልክ አልደወሉም፤ ሱቅህ መጥተው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

— ፕሮግራሙን አሁን አቁመው። አትሰርዘው፣ አቁመው ነው ያልኩህ። የአርባ አንዱንም።... የእማዬንም፣ አዎ። እሷም ራሷ ትጫን።... ዓይናቸው ደክሟል፣ አውቃለሁ።... እጃቸው ይንቀጠቀጣል።... ይረሳሉ። እሺ። ዓይናቸው ደከመ እንጂ አልሞቱም፣ አንተ ግን እንደሞቱ ቆጥረህ ነው ስለ እነሱ አለሁ የምትለው።

— ታዲያ ምን ላድርግ?... አሁን ጥያቄ ጠየቅክ። ይህን ከሁለት ዓመት በፊት ብትጠይቀኝ ኖሮ በአሥር ደቂቃ እነግርህ ነበር። ስማ፣ ቢሮው ራሱ ለእንዳንተ ዓይነቱ ሌላ በር አዘጋጅቷል። ከገጹ ግርጌ በደቃቃ ፊደል ተጽፏል፣ ማንም አያነበውም። ሰውዬው በገዛ ስልኩ ይገባል፣ ፓስወርዱን ለሳይቱ ብቻ ይሰጣል። አንተ ፊትህን ታዞራለህ። ከዚያ ሳይቱ ራሱ ይጠይቀዋል። «የዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ፕሮግራም በዚህ ወር አለሁ ማለት አለማለትዎን እንዲያይ ይፈቅዳሉ?» እሺ ካለ ላንተ ፕሮግራም ፈቃድ ይሰጠዋል።... አይ፣ ፓስወርድ አይደለም። ፓስወርዱን አታየውም፣ አትነካውም፣ አትጽፈውም። ፈቃድ ነው። ማየት ብቻ እንጂ መጫን አይችልም። ለሦስት ወር ብቻ ነው። ሰውዬው ሲያስጠላው ይሰርዘዋል፣ ካላደሰው ደግሞ በራሱ ጊዜ ያበቃል።

— አዎ፣ ልክ ነህ፣ ጎበዝ። ሰውዬው ከሞተ የሚያድሰው የለም፤ ፈቃዱም አብሮት ይሞታል። ፓስወርድ ግን አይሞትም። ችግርህ ይኸው ነበር።

— ታዲያ ማየት ምን ይጠቅመኛል? ትላለህ። ወር ገብቶ ሦስተኛው ቀን ላይ ያልተጫነውን ታውቃለህ። ትደውልለታለህ። «አባባ፣ ረስተዋል» ትለዋለህ። ስልክ መያዝ የማይችለው ሱቅህ ይመጣል፣ በራሱ ጣት ይገባል። አንተ ፊደሉን ታሳድግለታለህ፣ መነጽር ታቀብለዋለህ። የፈለግከውን ፕሮግራም እሱ በከፈተው ገጽ ላይ አስቀምጥ፤ እሱ ሲገባ ይነሳ፣ እሱ ሲወጣ ይተኛ። «አለሁ»ን ግን እሱ ይጫናት። አለሁ ማለት በውክልና አይሆንም፣ የኔ ወንድም። ማግባት በውክልና ይሆናል፣ ቤት መሸጥ በውክልና ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም።

— ማን ነው?... ግቢ፣ ግቢ።... የኔ ተራ ሲደርስ ሥራውን ዲዛይነሯ ታቅርበው። እሷ ታውቀዋለች።... እባክሽ። አዎ፣ አሁንም ወንድሜ ነው።

— ሄሎ? አለሁ፣ ቀጥል።... አይ፣ እኔ አልደውልላቸውም። እኔ ለቢሮው ብደውል ምን እላለሁ? «ወንድሜ ፈርቶ ጓሮ ቆሟል» ልበል? አንተ ነህ የምትሄደው። ደብተሩንም ኮምፒውተሩንም ይዘህ፣ ከእትዬ ጋር ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መስኮቱ ላይ ትቆማለህ። «የተጫነው የኔ ፕሮግራም ነው፣ ይኸው መዝገቡ፣ ይኸው የአርባ አንዱ ስም፣ እሳቸው ምንም አያውቁም» ትላለህ።... ሊያስሩኝ ይችላሉ?... ሊጠይቁህ ይችላሉ። ሱቅህን ሊያሽጉት ይችላሉ። እሱንም አልዋሽህም፣ አላውቅም። እትዬን ግን ያለ ጥፋታቸው ዛሬ ነው የሚጠይቋቸው፣ እሱን አውቃለሁ።

— ጋሼ እስከ አሥረኛ ክፍል አስተምረውሃል እኮ። ሦስት ማዕዘን መሳል እንኳ ሲያቅትህ ከክፍል በኋላ አስቀርተው። «ያለ ማረጋገጫ መልስ አልቀበልም» ይሉህ ነበር፣ እኔንም ይሉኝ ነበር። አሁን ማረጋገጫውን ሰርዤ መልሱን ልስጥ ትለኛለህ። ለነገሩ የእሳቸው ፓስወርድ ምን ነበር?... አይ፣ አትንገረኝ። ለምን ጠየቅኩህ እኔም። እንዳትነግረኝ።

— ምን አልክ?

— እኔ? እኔ ምን አገባኝ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ። አሁን ደግሞ ጥፋቱ የኔ ሆነ? እኔ ነኝ ደብተር የገዛሁልህ? እኔ ነኝ ሰፈር የዞርኩት?... 

— የቱ ኮድ?

— ያ... ያ እኮ ለእማዬ ነበር። ለእማዬ ብቻ። ዓይኗን በታከመች ሰሞን። ወጥ ቤት ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ፣ በግማሽ ሰዓት ነው የጻፍኩት፣ መኪና ሊያመልጠኝ ነበር። እሷ እንዳትጨናነቅ ብዬ ነው።... አዎ፣ ፓስወርዷን ውስጡ ጻፍኩት። የት ልጻፈው ታዲያ፣ የአንድ ሰው ነው፣ የራሴ እናት ናት።... አንተ ወሰድከው። እኔ ውሰደው አላልኩህም።... 

— አልኩህ?

— መቼ?... በስልክ። «ያንኑ ቅዳና ስሙን ቀይረው» አልኩህ።... ምን እየሠራሁ ነበር?... ስብሰባ ላይ ነበርኩ።

— ቆይ። ኮምፒውተሩን ከፍተሃል? የመጀመሪያውን መስመር አንብብልኝ። ከሁሉም በላይ ያለውን።

— «ለእማዬ ብቻ። በኋላ አስተካክለዋለሁ።»

— ቀኑስ?... የዛሬ አራት ዓመት።

— አለሁ፣ አልዘጋሁም።

— አይ፣ በቃ። ሌላ አትጨምር፣ ተቀብያለሁ። እዚህ ፎቅ ላይ ሃያ ልጆች አሉ፤ ከመሃላቸው አንዱ የሰው ፓስወርድ ኮድ ውስጥ ቢጽፍ ሰው ፊት ነው የማዋርደው። ባለፈው ሳምንት አንዷን አስለቅሻታለሁ። እና የኔው ኮድ እዚያ አርባ አንድ ሰው እየሆነ ይጫናል።... አትሳቅ። ሳቅ፣ እሺ፣ ሳቅ። መብትህ ነው።

— ስማኝ። መስኮቱ ላይ ስትቆም የኔንም ስም ትናገራለህ። «መጀመሪያ የጻፈችው እህቴ ናት፣ የምትሠራበት ቦታ ይኸው፣ ስልኳ ይኸው» በላቸው። እኔን ላለመንካት ብለህ አንድ ቃል ብትቀንስ ወንድሜ አይደለህም። አሁን እወጣለሁ፤ መኪና ካገኘሁ ከዘጠኝ በፊት እደርሳለሁ፣ ካላገኘሁም እናንተ ጀምሩ።... ለአለቃዬ የምነግረውን እኔ አውቃለሁ።

— አሁን ወደ ውስጥ ግባና ስልኩን ለእትዬ ስጣቸው።... አንተ አትንገራቸው። እኔ ልንገራቸው።... እኔ ልንገራቸው አልኩህ እኮ። ስጣቸው።

— እትዬ?... እኔ ነኝ፣ ትልቋ።... ደህና ነኝ፣ ይመስገን። እርስዎስ እንዴት ሰነበቱ?... እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ። ሳልመጣ ቀረሁ።... አይ፣ ሥራ ምክንያት አይሆንም። እርስዎ ደግ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚሉት።

— እትዬ፣ የዛሬ ጠዋቱን ነገር ልነግርዎት ነበር።... እሺ። እሺ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ።

— አዎ።... ስክሪኑን ወደ እርስዎ አዞረው። የጋሼን ስም አዩት፣ ከእነ አባታቸው።... ሁለት ሰዓት ከአምስት። አዎ፣ ነግሮኛል።... እና እርስዎ ምን አሉት?... ሰዓቱን ድገምልኝ አሉት። ከዚያስ?

— ሰደበዎት፣ እሱንም ሰምቻለሁ። ያንን እናስተካክላለን።... አልሰሙትም? ሲናገር አልሰሙትም። ወጡ።

— ታክሲ ይዘው ወደ ሱቁ መጡ።... ወደ ሱቁ አይደለም? ወዴት?

— ወደ ቤት? ለምን ወደ ቤት ሄዱ፣ እትዬ?

— እየሰማሁ ነው። ይንገሩኝ።

— መኝታ ቤቱን ከፈቱ።... ከዚያ የመጻሕፍቱን ክፍል።... አዎ፣ ጋሼ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነበር የሚቀመጡት፣ አውቀዋለሁ። እኛም ተምረንበታል።... ጠሯቸው። ድምፅ አውጥተው።

— አይ፣ እትዬ። አላበዱም። እንዲህ አይበሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ኮምፒውተር አይቶ በሕይወት አሉ ካለ ሰው ምን ያድርግ? እኔም ብሆን እሄድ ነበር። እየሮጥኩ ነበር የምሄደው።

— እትዬ፣ ይስሙኝ። እሳቸው አይደሉም የተጫኑት። ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተር ላይ በራሱ የሚሠራ ነገር፣ ወንድሜ ሱቅ ውስጥ ያለው። የጋሼን ፓስወርድ ይዞ እሳቸውን ሆኖ ይገባል፣ ወር በገባ ቁጥር ይጫናል። መሞታቸውን አያውቅም። ማንም አልነገረውም።... አዎ፣ እዚያው እርስዎ ከተቀመጡበት ጀርባ ያለው ኮምፒውተር ነው።

— አይ፣ እሱን አይቆጡት። ማለቴ ይቆጡት፣ ግን እሱን ብቻ አይሁን። መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለእናቴ ብዬ በችኮላ፣ አስተካክለዋለሁ ብዬ ትቼው የሄድኩት። እሱ ያባዛው ነው። አሁን አብሮዎት ይሄዳል፣ መስኮቱ ላይ ቆሞ ይናገራል፣ እኔም እመጣለሁ። በእርስዎ ላይ የተባለው ሁሉ ይነሳል። እርስዎ አንድ ቃል መናገር የለብዎትም።... ይቅርታ ያድርጉልን፣ እትዬ። ይቅርታ ማለት እንኳ ያሳፍራል።

— ምን አሉኝ?... ትንሽ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ሰዎች እየወጡ ነው።

— በሚመጣው ወርስ አለሁ ይላሉ?

— አይ፣ እትዬ። አቁመነዋል። በሚመጣው ወር አለሁ አይልም።

— አዎ። ጨርሶ።

— እትዬ?... ይሰሙኛል?... ሄሎ?

— ዘግተውታል።